ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ የሆነች ቀበሌ

ትዕዛዝን የገደላት በቤቷ እንዳትወልድ ከቤቷ መውጣቷ ነው። ደሙም፣ ዝናቡም፣ ያልመጣው አምቡላንስም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

በዚያ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት የሰኔ ረፋድ ግን የትዕዛዝ ነፍስ ገና አልወጣችም። የዳላ ቀበሌ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ሳሙና አድርጎታል። በግራም በቀኝም የእንሰት ቅጠል ያቆረውን ውሃ ፊታቸው ላይ ይደፋዋል። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ብሩክታይት ከቃሬዛው ጎን ትሮጣለች። ግራ እጇ የግሉኮሱን ከረጢት ከራሷ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ቀኝ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ የትዕዛዝን ሆድ ያሻል። ማህፀኑ ከእጇ ሥር ሲጠነክር ደሙ ጋብ ይላል። ተሸካሚዎቹ ተንገዳግደው እጇ ሲያመልጣት መልሶ እንደ ሊጥ ይላላል።

«ቀስ በሉ እንጂ! ድንች ነው እንዴ የተሸከማችሁት?»

«ቀስ ካልን አንደርስም፣ ከፈጠንን እንወድቃለን» አለ ከፊት የያዘው ጎረምሳ። «አንዱን ምረጪልን፣ ሲስተር።»

«ፍጠኑ፤ አትውደቁ።»

«ይሄ እንኳ የወረዳ መመሪያ ነው» አለ ከኋላ ያለው እያለከለከ። ሌሎቹ በቀረቻቸው ትንፋሽ ሳቁ።

የትዕዛዝ ባል ደገፉ ከራስጌዋ ዣንጥላ ዘርግቶ ይከተላል። «ሲስተር፣ ውሃ ጠማኝ ይላል» አለ። ብሩክታይት የቦዲቲ ልጅ መሆኗን፣ ወላይትኛም ከእሱ እኩል እንደምትናገር ያውቃል። ቢሆንም ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ሲጨንቀው ደግሞ አማርኛው ሴቱንና ወንዱን ይቀላቅልበታል።

«ከንፈሯን ብቻ አርጥብላት» አለችው በወላይትኛ።

ከሁሉም ኋላ ዘነቡ ትመጣለች። ዘነቡ የቱራ ዛምባ ቀበሌ የአንድ ለአምስት መሪ ነች፤ የአምስት ጎረቤቶቿ ሽንት ቤት፣ ክትባትና ወሊድ የሚጠየቀው ከእሷ ነው። ለዛሬው በዓል የታደለውን ነጭ ቲሸርት ከቀሚሷ በላይ ደርባለች። ደረቱ ላይ «ሕይወት በመስጠት ላይ እያለች አንዲትም እናት መሞት የለባትም» ይላል። ትዕዛዝን እጇን ይዛ ከቤቷ ያወጣቻት እሷ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ወረዳው አንድ ቀበሌ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ብሎ ማወጅ፣ ነጭ ባንዲራም መስቀል ነበረበት። ሌሎች ወረዳዎች ሰቅለዋል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ወልደመስቀል በግምገማ መድረክ «እናንተስ?» ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ተመልሰዋል። ከዚያ ቱራ ዛምባን መረጡ፤ ለመኪና መንገድ ስለምትቀርብ እንግዳ አይደክምባትም። ከዞን የሚመጣው ቡድን ቤት ለቤት ዞሮ ይጠይቃል ተባለ። በዚያ ሳምንት አንዲት ሴት ቤቷ ብትወልድ ባንዲራው ቀረ ማለት ነው።

የደረሱ እርጉዞች ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ገብተው ቢጠብቁ ነገሩ ሁሉ ባለቀ። ክፍሉ የተሠራው ለዚህ ነው። ብሩክታይት ራሷ ግድግዳውን ኖራ ቀብታዋለች፤ ገንፎ የሚገነፋበት ምድጃ አሠርታለች። ነገር ግን ለበዓሉ ከከተማ የመጡት የፕላስቲክ ወንበሮችና ድንኳኑ ዝናብ እንዳይመታቸው ተብሎ እዚያ ተቆለሉ፤ ቁልፉም አቶ ወልደመስቀል ኪስ ገባ። ስለዚህ የቀበሌው ካቢኔ ተሰብስቦ ብልሃት አመጣ። እርጉዞቹ የጫሬን ወንዝ ተሻግረው ዳላ ቀበሌ ዘመድ ቤት ይቆዩ! ዳላ በዚያ ዓመት ባንዲራ አይጠበቅባትም። የሚወልዱት ያው ቤት ውስጥ፣ ያው መሬት ላይ ነው፤ ቁጥሩ ግን የዳላ ይሆናል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በትዕዛዝ ደጃፍ ላይ መኪና ይቆማል፤ ዳላ ግን ጎማ አይደርስም።

«እርጉዞቹስ የት ሄዱ?» ብላ ብሩክታይት ስትጠይቅ «ዘመድ ጥየቃ» ነበር የተባለችው። እውነቱን የሰማችው ዛሬ ጠዋት፣ ደገፉ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲደውልላት ነው። ትዕዛዝ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ብሩክታይት ስልኩን ዘግታ ለአምቡላንሱ ሹፌር ለይስሐቅ ደወለች።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ሲስተር» አላት።

«አምቡላንስ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«ዕቃ እያመላለስኩ ነዋ፣ ለበዓሉ። አትቆጪ በቃ። አንቺ አውርጃት፤ እኔ ዋርካው ጋ መንገድ ዳር እጠብቃችኋለሁ።»

እስከ ወንዙ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ከወንዙ ወዲያ በእግሯ ሄደች። እንግዴ ልጁን በእጇ አወጣች። የያዘችውን የደም ማቆሚያ መርፌ ሁሉ ወጋቻት። ከዚያ በኋላ ትዕዛዝ የሚያስፈልጋት ደም ነው፤ ደም ያለው ደግሞ ሶዶ ሆስፒታል ነው። ሕፃኗን የትዕዛዝ አክስት አቅፋ ቀረች፤ ጎረምሶቹም ቃሬዛውን አነሡ።

ጫሬን ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ተሻገሩት። የመጨረሻዋን ዳገት ወጥተው መንገዱ ላይ ብቅ ሲሉ ዋርካው ሥር አንድ የታሰረ ፍየል ነበር። ሌላ ምንም የለም።

ብሩክታይት ስልኳን አወጣች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አለቻት ሴትየዋ። ደግማ ደወለች። ሴትየዋም ያንኑ ደገመችላት።

ከታች፣ ከመንገዱ ትንሽ ዞር ብሎ ካለው የገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ፣ የድምፅ ማጉያ ይጮኻል። «...የእናቶቻችንን ሞት ታሪክ ለማድረግ...» ይላል የአቶ ወልደመስቀል ድምፅ። ነፋሱ ዓረፍተ ነገሩን ቆርጦ ወሰደው። በምትኩ እልልታ አመጣ።

«አስቀምጧት» አለች ብሩክታይት። «ሁለታችሁ ወደ አዳራሹ ሩጡና ይስሐቅን...»

አልጨረሰችውም። ማህፀኑ ከእጇ ሥር ጠፍቷል። ሁለት እጇን አጣምራ ተጫነች፤ ተንበርክካ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። ደሙ ከቃሬዛው አልፎ ሣሩ ላይ ይወርዳል፤ እንደ ውሃ ቀጥኗል።

«በረደኝ» አለች ትዕዛዝ በወላይትኛ፣ ለማንም ሳይሆን። ደገፉ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። ከላይ ሹራቡንም አከለ። ሊጨምርላት የሚችለው ልብስ አልቆበት እጁን ይዞ ቆመ።

«ሲስተር» አለ ቆይቶ። «ትዕዛዝ ዝም አለ።»

ብሩክታይት አንገቷ ላይ ጣቶቿን አሳረፈች። ጠበቀች። በሌላው ጎን ሞከረች። ግሉኮሱ መንጠባጠቡን ስላላቆመ ዘጋችው።

ጎረምሶቹ ቆባቸውን አወለቁ። ደገፉ አላለቀሰም። ፊቱን ወደ ዘነቡ አዞረና በዚያ ረፋድ ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይትኛ ተናገረ። «አሁንስ ቤቷ ማስገባት ይቻላል?»

ዘነቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። «አክስቷ ቤት እኮ ነው ያስገባኋት! ሜዳ ላይ አልጣልኳትም! እስከ በዓሉ ብቻ አልኳት፤ እንግዶቹ ይሂዱ፣ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ አልኳት። ጌታ ያውቃል...»

«ጌታን እዚህ ውስጥ አታስገቢው» አለች ብሩክታይት። «በካቢኔው ስብሰባ ላይ አልነበረም።»

ዘነቡ በቲሸርቷ ጠርዝ አፏን ጠረገች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሲስተር» አለች። «አንዷ ብቻ አይደለችም።»

«ምን አልሽ?»

«ሌላዋ እርጉዝ ፈጠነችም ዳላ ነች። ከላይኛው ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት። እኛ ቃሬዛውን ስናነሣ ወገቧን እንደያዛት ልከውብኝ ነበር። ትዕዛዝ እስክትደርስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሁለት ካልኩሽ ግራ ይገባሻል ብዬ።»

ፈጠነችን ብሩክታይት በደንብ ታውቃታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሶዶ ላይ ሆዷ ተከፍቶ ነው የወለደችው። «የሚቀጥለውን እዚህ አትሞክሪውም፤ ወርሽ ሳይገባ ሶዶ ትገቢያለሽ» ብላ ያስጠነቀቀቻት ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ማህፀን ምጥ ከበረታበት በጠባሳው ላይ ይቀደዳል። ሲቀደድ ደግሞ እናትየዋም ልጁም አብረው ነው የሚሄዱት፤ መርፌ አያድናቸውም፣ ሆድ ማሻሸትም አያድናቸውም። የሚያድናቸው ኦፕራሲዮን ብቻ ነው።

«ተነሺ» አለቻት ዘነቡን። «ተነሺ አልኩሽ! ለቅሶውን ማታ ታለቅሺዋለሽ። ሮጠሽ ተመለሺ። በጎኗ አስተኚያት፤ ግፊ የሚላት ሰው ካለ ከቤት አስወጪው። አምቡላንሱን ወንዙ ድረስ አመጣለሁ፤ ሰው ይዤ እወጣለሁ።»

ዘነቡ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ጫሬ ቁልቁል ሮጠች። ጎረምሶቹን ብሩክታይት ከደገፉ ጋር ተወቻቸው፤ ትዕዛዝን ቤቷ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ ቃሬዛውም የተያዘ ነው። እሷ ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጠች።

አምቡላንሱ አዳራሹ ጀርባ ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ሞተሩ ይሠራል። ከባትሪው ሁለት ሽቦዎች ወጥተው በመስኮት በኩል ወደ አዳራሹ ይገባሉ። ይስሐቅ ጎማው ላይ ተደግፎ ሚሪንዳ ይጠጣል።

«ጄኔሬተሩ እምቢ አለ» አላት ሳትጠይቀው። «መብራት የለም። ማጉያው በዚህ ባትሪ ነው የሚሠራው። ስልክህንም አጥፋ፣ ፕሮግራም አትረብሽ አሉኝ...» ዓይኑ እጆቿ ላይ አረፈ። «ደረሰች?»

«ሞተች።»

ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ንቀለው። ዳላ ሌላ አለች።»

«ሲስተር፣ ያለ አቶ ወልደመስቀል ቃል እንዴት አድርጌ? ባለፈው ወር ያለ ፈቃድ ተንቀሳቀስክ ብለው ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። ያን ጊዜም የጫንኩት እናት ነበር። ቃል ብቻ አምጪልኝ፤ ከዚያ እንኳን ጫሬ፣ ኦሞ ድረስ እነዳለሁ።»

ብሩክታይት የጎኑን በር ገፍታ ገባች። ከማቆያው የወጡት ወንበሮች ላይ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ እናቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው መሬት ላይ። አቶ ወልደመስቀል ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀል ነበር። የገዛ እህታቸው በወሊድ ሞታለች፤ በየስብሰባው ያነሡታል፤ ሲያነሡት ድምፃቸው ከልብ ይንቀጠቀጣል።

«ይኸው አዋላጃችን መጣች!» አሉ፣ ገና ፊቷን እንጂ ጋውኗን ሳያዩ። «የድሉ ባለቤት! እስቲ እልል በሉላት!»

እልልታው ከፊት ተነሣ፤ ከፊትም ቆመ። ደሙን ያላዩት የኋላዎቹ ትንሽ ቀጠሉበት።

አቶ ወልደመስቀል ማይክራፎኑን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ምንድን ነው ይሄ? እንግዳ ፊት እንዲህ ሆነሽ ትመጫለሽ?»

«ትዕዛዝ ሞተች። ዋርካው ሥር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ!» አሉ፤ ማዘናቸውን ማንም አይጠራጠርም። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ግን «የት ነው የወለደችው?» አሉ።

«ቤቷ ከዚህ በር ላይ ይታያል።»

«የወለደችበትን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ዳላ።»

ትከሻቸው ወረደ። የተሸከሙት ነገር እንደቀለላቸው ሰው ተነፈሱ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሐዘኑ የጋራችን ነው። ቁጥሩ የዳላ ነው።»

ብሩክታይት በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም። እጇን ወደ ኋላዋ ወስዳ በሌላው እጇ ያዘችው።

«ፈጠነችም እዚያው ምጥ ይዟታል። በኦፕራሲዮን የወለደች ነች። አምቡላንሱን አሁን ይስጡኝ።»

«እንሰጥሻለን፤ ማን ከለከለሽ? የዞኑ ተወካይ ንግግር ያድርጉ፤ ባንዲራውን እንስቀል፤ ከዚያ ይሄዳል። አሁን ባትሪው ከተነቀለ በምን ይናገራሉ?»

«በአፋቸው።»

የዞኑ ተወካይ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰሙ። ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ሥነ ሥርዓት ይኑርሽ!» አሉ አቶ ወልደመስቀል። «ነገ ትገመገሚያለሽ።»

«የነገውን ነገ ያድርጉት» አለችና ማይክራፎኑን ከእጃቸው ነጠቀች።

እስከዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የተነገረው ሁሉ በአማርኛ ነበር። እናቶቹ የሚያጨበጭቡት ካቢኔው ሲያጨበጭብ አይተው ነው። ብሩክታይት በወላይትኛ ጀመረች።

«የደገፉ ሚስት ትዕዛዝ ሞታለች። ሬሳዋ ዋርካው ሥር ነው። ደሟ ሲፈስ እዚያ ቆመን የጠበቅነው አምቡላንስ ይኸው ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አለ፤ ይህን ድምፅ የሚያጮኸው የእሱ ባትሪ ነው። እናንተ ስታጨበጭቡ ሰምቻለሁ፤ አላወቃችሁም። አሁን ግን ስሙ፤ ፈጠነች ዳላ ወንድሟ ቤት ምጥ ይዟታል። እሷም እንዳትሞት ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ እፈልጋለሁ። ዝናቡ ሳይመለስ፣ አሁን። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ማንም መጥቶ ከቤታችሁ ውጡ ቢላችሁ፣ ወዴት ብላችሁ ጠይቁት። ጤና ጣቢያ ካላለ አትውጡ።»

ከመሃል አንዲት ባልቴት ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ ቲሸርቱ ሰፍቷቸው እስከ ጉልበታቸው ወርዷል።

«ፈጠነች? የኔ ፈጠነች?» አሉ። የፈጠነች አማት ናቸው። «ዶክተር ከጎኗ አለ አላላችሁኝም? አንተ ባዳቾ! አፍህን ሞልተህ አላልከኝም?»

የቀበሌው ሊቀመንበር ባዳቾ ከፊት ረድፍ ተነሣ። «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን እኮ...»

«ስብሰባህን ብላው!»

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ወንዶች መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዱ ብርድ ልብስ ያለው ሰው ጠየቀ። ለሽልማት ከተደረደሩት ብርድ ልብሶች ላይ አንዲት ሴት ሁለቱን አነሣች፤ ማንንም አላስፈቀደችም። ባንዲራው የሚሰቀልበት እንጨት በሩ አጠገብ ተጋድሟል፤ ተልጦ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። አንድ ረጅም ገበሬ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለው።

«ኧረ እሱ የባንዲራው ነው!» አለ ባዳቾ።

«ቀጥ ያለ እንጨት ነው» አለ ሰውየው፤ ወጣ። ሌላው ደጅ ከተተከለው ድንኳን ምሰሶ አንዱን ነቅሎ ተከተለው። ከዚያ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ።

ብሩክታይት ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አቶ ወልደመስቀል ፈጥነው አነሡት።

«የተከበራችሁ የልማት ሠራዊት አባላት! ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ተከታትሎ...»

ማጉያው ጭጭ አለ። በመስኮቱ ሁለቱ ሽቦዎች ተጎትተው ሲወጡ ታዩ፤ ከውጭ የአምቡላንሱ ኮፈን በኃይል ተዘጋ። ይስሐቅ የሚጠብቀውን ቃል ከማጉያው ሰምቶታል፤ የማን ቃል እንደሆነ ለመጠየቅ አልቆመም።

አቶ ወልደመስቀል ማይክራፎኑን ሁለቴ መቱት። ያለ ማጉያ ድምፃቸው ትንሽ ነበር።

«ብሩክታይት» አሉ፣ «ሲስተር» ማለቱን ትተው። «ገና ልጅ ነሽ። ስለ ወደፊትሽ አስቢ።»

የፈጠነች አማት ከሁሉም ኋላ ቀርተው ደፉን ለመሻገር ተቸግረዋል። ብሩክታይት ክንዳቸውን ይዛ አሻገረቻቸው። ይስሐቅ ክላክስ ያስጮኻል፤ ወንዶቹ መኪናው ላይ ተንጠላጥለዋል። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ወንበሮቹ፣ ካቢኔውና እንግዶቹ ነበሩ። የቆርቆሮውን በር ደም በነካው እጇ ሳበችው፤ ከነባንዲራቸው ዘጋችባቸው።